ከመስታወቱ በላይ የተጻፈው ስም

ጃን ቫን አይክ በ1434 የሣለው የአርኖልፊኒ ጥንዶች ሥዕል ቁመቱ 82፣ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው (እዚህ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ የሚገኘው ለንደን፣ ናሽናል ጋለሪ ውስጥ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ታሪኩ አጭር ነው፤ አንድ ሀብታም ሰውና አንዲት ሴት እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል፤ ከፊታቸው ትንሽ ውሻ፣ ከኋላቸው ክብ መስታወት፣ ከጎናቸው ቀይ አልጋ። ይህንኑ አይቶ የሚያልፍ ጎብኚ ብዙ ነው። እኔ ግን በአውሮፓ የዘይት ቀለም ሥዕል ውስጥ ከዚህች ትንሽ ሣንቃ ይበልጥ ቀስ ብሎ የሚያይን ሰው የሚክስ ሥራ አለ ብዬ አላምንም። ሀብትም ሥልጣንም እዚህ አሉ፤ ከሁለቱም የሚበልጥ ዓይንና እጅም አለ።

መስኮቱን ልብ በሉ። በግራ በኩል ነው፤ ከላይ ባለቀለም መስታወት የተገጠመለት፣ ከታች ግን መስታወት የሌለው፣ የእንጨት መዝጊያ ብቻ ያለው። ያ የታችኛው መዝጊያ ተከፍቷል። በቀጭኗ ክፍተት በኩል ደጅ የቆመ የቼሪ ዛፍ ይታያል፤ ፍሬ አፍርቷል። በዚያ አገር ቼሪ የሚደርሰው ሙቀቱ በሚበረታበት ወራት ነው። አሁን ወደ ውስጥ እንመለስና ሰዎቹን እንያቸው። ሰውየው ከጉልበቱ የሚወርድ የከፋይ ካባ ደርቧል፤ ጠርዙ ዙሪያውን በጠቆረ የአውሬ ፀጉር ተከፍፏል። ሴትዮዋ የለበሰችው አረንጓዴ ቀሚስ ገበሩ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ፀጉር ነው። ይህ ነጭ ፀጉር ከሰሜን ደኖች የሚመጣ የአንዲት ትንሽ እንስሳ የሆድ ቆዳ ሲሆን፣ ለአንድ ቀሚስ ገበር ብዙ መቶ ቆዳ ይፈልጋል። ደጅ ፍሬ በስሏል፤ ቤት ውስጥ ለቁር የሚለበስ ተለብሷል። ልብሱ ለብርድ አይደለም፣ ለመታየት ነው።

ብዙ ሰው ሴትዮዋን ነፍሰ ጡር ናት ይላታል። አይደለችም። ቀሚሷ ከቁመቷ እጅግ ስለሚረዝም አንሥታ ሆዷ ላይ ሰብስባ ይዛዋለች፤ የዘመኑ ፋሽን ይኸው ነበር። መሬት ላይ የተረፈውም ጨርቅ እግሯ ሥር ተጣጥፎ ተኝቷል። እንዲህ ያለ ልብስ ለብሳ ምጣድ መጣድ፣ ውኃ መቅዳት፣ ልጅ ማዘል የምትችል ሴት የለችም። ቀሚሱ ራሱ “ሥራ የሚሠሩልኝ ሌሎች ናቸው” ብሎ ይናገራል።

ብርቱካኖቹን ደግሞ ተመልከቱ። አንዱ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ሌሎቹ ከመስኮቱ ሥር ባለው ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል። እንደዋዛ የተጣሉ ይመስላሉ። ነገር ግን ሥዕሉ በተሣለባት ከተማ በብሩዥ ብርቱካን አይበቅልም፤ ከሜዲትራንያን አካባቢ በመርከብ ተጭኖ የሚመጣ፣ ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። እንደዋዛ መጣላቸው ነው ሀብቱን የሚያሳየው፤ ድሃ ቤት ቢሆን ኖሮ ቦታ ተሰጥቷቸው በክብር ይቀመጡ ነበር።

ሰውየው ጆቫኒ አርኖልፊኒ የሚባል ነጋዴ እንደሆነ ይታመናል። ቤተሰቡ ከጣሊያን ሉካ ከተማ የመጣ ነው፤ ሉካ ደግሞ በሐር ጨርቅ የታወቀች ነበረች። አርኖልፊኒ ብሩዥ ተቀምጦ ለቡርጎኝ መስፍን ለፊሊጵ ቤተ መንግሥት ውድ ጨርቅ ያቀርብ ነበር። ይህን ሳስብ የሠዓሊው ድፍረት ይበልጥ ይታየኛል። ጨርቅ በጣቱ ዳብሶ ዋጋውን የሚያውቅ፣ ከፋይን ከሱፍ፣ የመጀመሪያ ደረጃውን ከሁለተኛው በጨረፍታ የሚለይ ነጋዴ ፊት ጨርቅ ሣሎ ማቅረብ ቀላል አይደለም። ቫን አይክም አላሳፈረም። የካባው ከፋይ ብርሃኑን ውጦ ያስቀራል፤ አረንጓዴው ሱፍ ግን ከብዶ ይወርዳል፣ እጥፋቱም ጥልቅ ነው። የሴትዮዋ ነጭ ሻሽ ጠርዝ ሽብሽብ ነው፤ የተልባ እግሩ ጨርቅ በተደራረበበት ቦታ ብርሃን በምን ያህል እንደሚቀንስ ሠዓሊው ለይቶታል። የእጅጌዋ ጌጥ ጨርቁ እየተቆረጠና እየተጣጠፈ የተደራረበ ነው፤ አንዱም ቁራጭ በግምት አልታለፈም።

እንግሊዛዊው ሃያሲ ጆን በርገር በ1972 በቢቢሲ ቴሌቪዥን ባቀረበው ዝግጅትና በመጽሐፉ፣ የአውሮፓ የዘይት ቀለም ሥዕል ከምንም በላይ የባለንብረቶች ዓይን ነው ሲል ተከራክሯል። ሥዕሉ ዕቃውን በእጅ የሚዳሰስ እስኪመስል ድረስ እውነተኛ አድርጎ የሚያሳየው፣ ገዢው ያንን ሁሉ የእኔ ነው እንዲል ነው። ቶማስ ጌንስቦሮ በ1750 ገደማ የሣላቸው አቶና ወይዘሮ አንድሩስ በእርሻቸው ጫፍ ላይ ሆነው ከኋላቸው የተዘረጋው መሬት የማን እንደሆነ የሚነግሩን ያህል ናቸው፤ በርገርም ይህንኑ አጥብቆ ተናግሯል። እውነት አለው። የአርኖልፊኒን ብርቱካንና ፀጉር አይቶ በርገርን መካድ አይቻልም።

ሆኖም አንድ ነገር ይቀራል። የባለቤት ዓይን ያዳላል፤ ውዱን ያይና ርካሹን ያልፋል። የቫን አይክ ዓይን አያዳላም። በሥዕሉ ግራ ግርጌ፣ ከሰውየው እግር አጠገብ፣ የእንጨት መደረቢያ ጫማ ተጥሏል፤ ሰዎች ከጭቃ ለመዳን ከጫማቸው ሥር የሚያደርጉት ዓይነት። ጭቃው አሁንም አልተራገፈም። የእንጨቱ መስመር ይታያል፤ የረገጠው እግር ያበላሸው ጠርዝም እንዲሁ። በዚያ ዘመን መኳንንት ከተማ ውስጥ በፈረስ ነበር የሚሄዱት፤ ይህ ሰው ግን በእግሩ ጭቃ ረግጦ የሚገባ ነጋዴ ነው። ሠዓሊው ይህን አልደበቀም። ለጭቃው ያወጣው ትዕግሥት ለካባው ፀጉር ካወጣው አያንስም። የወለሉ ሣንቃ፣ የውሻይቱ ፀጉር አንድ በአንድ፣ በዓይኗ ውስጥ ያለችው የብርሃን ነጥብ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው መቁጠሪያ፣ ሁሉም እኩል ታይተዋል። መቁጠሪያው ላይ ብዙ ቆምኩ። ፍሬዎቹ ብርሃን የሚያስተላልፉ ናቸው፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ፍሬ በአንድ በኩል ብልጭ ትላለች፣ በሌላው በኩል ደግሞ በውስጧ ያለፈው ብርሃን ግድግዳው ላይ ከጥላዋ ጋር ያርፋል። ይህን ያስተዋለ ሰው በዓለም ላይ ስንት ነበር? ሊሣል የሚገባው ነገር ነው ብሎ ያሰበስ? ገንዘብ ሥዕል ያዝዛል፤ እንዲህ ያለ ትኩረት ግን አይታዘዝም።

ይህ እንዴት ተሠራ የሚለው ጥያቄ ወደ ዕቃው ይወስደናል። ሣንቃው ኦክ የተባለው ጠንካራ እንጨት ነው። ላዩ በጠመኔና ከእንስሳት ቆዳ በሚቀቀል ሙጫ ደጋግሞ ተቀብቶ፣ ተፍቆ፣ ነጭና ለስላሳ ይሆናል። ንድፉ እዚያ ላይ ይሠራና ቀለሙ ይከተላል። ቀለሙ የሚታሸው በተልባ ዘይት ነው፤ እኛ ቆልተን ወቅጠን በጾም የምንበላው ያው ተልባ። የተልባ ዘይት እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም። ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ቀስ በቀስ ይጠጥራል፤ ይህም ቀናት ይወስዳል። በእንቁላል አስኳል የሚበጠበጠው ቀለም ግን ወዲያው ስለሚደርቅ ሠዓሊው ቀጫጭን ጭረቶች እየደረደረ ነበር ጥላ የሚያወጣው። ዘይቱ ፋታ ሰጠ። ጉንጭ ላይ ብርሃኑ የት አልቆ ጥላው የት እንደጀመረ ሳይታወቅ ማዋሐድ ተቻለ።

ፋታው ብቻ አይደለም። ዘይት ውስጥ የገባ ቀለም በስሱ ሲቀባ ብርሃን ያሳልፋል። የሴትዮዋን ቀሚስ ስናይ የምናየው አረንጓዴ አንድ ቅብ አይደለም። ከሥር ድፍን ያለ አረንጓዴ አለ፤ በላዩ ከመዳብ የሚወጣው ጥልቅ አረንጓዴ በስሱ ተነባብሯል። በጥላው ቦታ ንብርብሩ ይወፍራል፣ በብርሃኑ ቦታ ይሳሳል። ብርሃኑ በእነዚህ ንብርብሮች ውስጥ አልፎ፣ ከሥር ካለው ብሩህ ቅብ ተመትቶ ተመልሶ ወደ ዓይናችን ይመጣል። ስድስት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ጨርቅ ከውስጡ የሚያበራ የሚመስለን ለዚህ ነው። ቫን አይክ የዘይት ቀለምን ፈለሰፈ የሚለው ወሬ ከጣሊያናዊው ጸሐፊ ከቫዛሪ የመጣ ሲሆን ልክ አይደለም፤ ቴዎፍሎስ የተባለ መነኩሴ በ12ኛው መቶ ዘመን ስለ ዘይት ቀለም ጽፎ ነበር፤ በአፍጋኒስታን ባሚያን ዋሻዎችም ከዚያ በብዙ የሚቀድሙ የዘይት ሥዕሎች ተገኝተዋል። ቫን አይክ ያደረገው ሌሎች የያዙትን ነገር ማንም ወዳልደረሰበት ማድረስ ነው።

ቀና ብላችሁ መቅረዙን እዩት። ከጣሪያው የተንጠለጠለ፣ ባለብዙ ክንድ የነሐስ መቅረዝ ነው። ብረቱ ላይ የሚያብለጨልጨው ወርቅ እንዳይመስላችሁ፤ ከእርሳስና ከቆርቆሮ የሚሠራ ቢጫ ቀለም ነው፣ ነጭና ቡናማ ተጨምሮበት። ከዚህ ቀደም የነበረው ሠዓሊ የብርሃን ክብር ለማሳየት እውነተኛ የወርቅ ቅጠል ይለጥፍ ነበር፤ አዛዡም ስንት ወርቅ እንደገባ በውሉ ላይ ያስጽፍ ነበር። ቫን አይክ ይህን ሥዕል በጨረሰ በዓመቱ፣ በ1435፣ ጣሊያናዊው ሊዮን ባቲስታ አልቤርቲ ስለ ሥዕል በጻፈው መጽሐፍ፣ የወርቅን ብልጭታ በተራ ቀለም የሚያወጣ ሠዓሊ ወርቅ ከሚለጥፈው የበለጠ ሊመሰገን ይገባዋል ብሏል። እኔ በዚህ ነጥብ ላይ የሀብት ትርጉም ራሱ የተለወጠ ይመስለኛል። ሀብታሙ የሚከፍለው ሥዕሉ ላይ ለሚጣበቀው ወርቅ መሆኑ ቀርቶ ለሠዓሊው እጅ ሆነ። እጁ ደግሞ በሚዛን አይለካም።

የመቅረዙ ሻማ ጉዳይ ሊቃውንቱን እስከ ዛሬ ያከራክራል። በቀን ብርሃን በሰውየው በኩል አንድ ሻማ በርቷል፤ በሴትዮዋ በኩል ያለው ማቆሚያ ላይ የቀለጠ ሰም ብቻ ቀርቷል። ኧርዊን ፓኖፍስኪ በ1934 ባሳተመው ጥናት፣ ሥዕሉ የጋብቻ ውል፣ ሠዓሊውም ምስክር ነው ብሎ ነበር። በኋላ አንድ ሰነድ ተገኘ፤ በሥዕሉ ላይ ናቸው ሲባሉ የኖሩት ጥንዶች የተጋቡት በ1447 ነው፤ ሥዕሉ ከተሣለ 13 ዓመት፣ ሠዓሊው ከሞተ 6 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ ዛሬ ብዙዎች ሰውየው በ1447 ያገባው ሰው ዘመድ የሆነ ሌላ ጆቫኒ ነው ይላሉ። የእርሱ የመጀመሪያ ሚስት ደግሞ በ1433 በሕይወት አልነበረችም። ምናልባት የቆመችው ሙት ሚስት ትሆን? አንዳንዶች ይህን ብለዋል፤ የጠፋውን ሻማም ለማስረጃ ያቀርባሉ።

ከመቅረዙ ሥር፣ በኋለኛው ግድግዳ መሐል፣ መስታወቱ አለ። ወደ ውጭ ያበጠ ክብ መስታወት ነው። በውስጡ ክፍሉ በሙሉ ከጀርባ ይታያል፤ የጥንዶቹ ጀርባ፣ የመስኮቱ ብርሃን፣ የጣሪያው ወራጆች ሁሉ በመስታወቱ ጉብታ ልክ ጎብጠው። በጥንዶቹ መካከል፣ በሩ ላይ፣ ሁለት ሰዎች ቆመዋል፤ የቆሙትም እኛ ሥዕሉን የምናይበት ቦታ ላይ ነው። በመስታወቱ ክፈፍ ዙሪያ አሥር ክብ ምስሎች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ከአውራ ጣት ጥፍር ያንሳሉ። የጌታን ሕማማት ነው የሚያሳዩት፤ ከጌቴሴማኒ ጸሎት ተነሥተው ስቅለቱን ከላይ አድርገው በትንሣኤ ያበቃሉ። በሰውየው በኩል ያሉት ጌታ በሕይወት ሳለ የተቀበለውን መከራ፣ በሴትዮዋ በኩል ያሉት ሞቱንና ትንሣኤውን ይዘዋል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግድግዳ የሚሞላ ታሪክ ነው፤ እዚህ ቅንጣት ላይ ተሣለ፣ ሳይደበዝዝም ይነበባል። በኢንፍራሬድ ካሜራ በተደረገው ምርመራ ውሻይቱ፣ መቅረዙ፣ መቁጠሪያው፣ ብርቱካኖቹና የእንጨት ጫማው ከሥራቸው ንድፍ እንደሌላቸው ታውቋል። ሠዓሊው ሥራውን እየሠራ ያመጣቸው ናቸው። የሰውየውን እጅና እግሮቹንም አንሥቶ ሌላ ቦታ አድርጓል። ይህን ያህል የተጣራ ሥራ አስቀድሞ ሁሉ ነገሩ የተቆረጠ ይመስላል፤ እጁ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ያስብ ነበር።

ከመስታወቱ በላይ፣ በባዶው ግድግዳ ላይ፣ በውል ጽሕፈት በሚያገለግል ያጌጠ ፊደል፣ በላቲን፣ ዮሐንስ ዴ አይክ እዚህ ነበር፣ 1434 ተብሎ ተጽፏል። ሠዓሊ ስሙን ክፈፉ ላይ ወይም ጥግ ላይ ማስፈር አዲስ አልነበረም። ይህ ግን ጥግ ላይ አይደለም፤ በሥዕሉ እምብርት፣ በጥንዶቹ መካከል ነው። የአዛዡ ስም የትም የለም። ሀብቱን ለትውልድ ለማሳየት የከፈለው ሰው ማን እንደሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ሲከራከሩ፣ የሠራው ሰው ስም ግን ማንም ሊስተው በማይችልበት ቦታ ቆሟል። ቫን አይክ የመስፍኑ የፊሊጵ ሠዓሊ ነበር። በ1435 የመስፍኑ ሒሳብ ሹማምንት ደመወዙን ሲያጓትቱ መስፍኑ ራሱ ደብዳቤ ጽፎ ገሥጿቸዋል፤ በሙያው እርሱን የሚስተካከል ሌላ አላገኝም ሲል። ሥልጣን በሙያ ፊት እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለመጻፍ ተገደደ።

ሥዕሉ ራሱም ከዚያ በኋላ ሀብት ሆነ። ዶን ዲየጎ ዴ ጌቫራ የተባለ የስፔን ባላባት እጅ ገብቶ፣ እርሱ ለኦስትሪያዋ ልዕልት ለማርጋሬት ሰጠ። በ1516 በተመዘገበው የንብረቷ ዝርዝር ውስጥ ሥዕሉ የሚዘጋበት ሣንቃ እንዳለው ተጽፏል፤ ቁልፍ እንዲሠራለትም ልዕልቷ አዝዛለች። ቁልፍ! ዛሬ ትኬት ሳይቆረጥ የሚታይ ሥዕል ያኔ የሚከፈተው ለተመረጠ እንግዳ ብቻ ነበር። ማየትም ልክ እንደ ሐሩና እንደ ብርቱካኑ የጥቂቶች ነበር። ከማርጋሬት ወደ ስፔን ነገሥታት አለፈ፤ በናፖሊዮን ጦርነት ዘመን ከስፔን ወጥቶ ጄምስ ሄይ በተባለ የእንግሊዝ መኮንን እጅ ተገኘ፤ ናሽናል ጋለሪ በ1842 በ600 ፓውንድ ገዛው።

ይህ መንገድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ በፍሌሚሽ ወይም በፖርቱጋል ሠዓሊ እጅ የተሣለ የእሾህ አክሊል የደፋ የጌታ ሥዕል ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ኩርዓተ ርእሱ ተብሎ ነበር። ነገሥታቱ በፊቱ ያስምሉ፣ ወደ ጦርነትም ይዘውት ይወጡ ነበር። በአውሮፓ የተሠራው የእጅ ሥራ በጎንደር ቤተ መንግሥት ሌላ ኃይል አገኘ፤ የሚታይ ሀብት መሆኑ ቀርቶ የሚታመኑበት ቅዱስ ሥዕል ሆነ። በ1868 መቅደላ ሲወድቅ የብሪቲሽ ሙዚየም ተወካይ ሆኖ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ ወሰደው፤ ለሙዚየሙም ሳያስረክብ ለራሱ አስቀረው። በ1917 ለንደን ውስጥ በክሪስቲስ ጨረታ ተሸጠ። ሕዝብ ሲሰግድለት የኖረ ሥዕል የአንድ ሰው የግል ንብረት ሆኖ ከዓይን ተሰወረ። ይህን እንደ ቀላል ነገር መናገር አልችልም፤ ጉዳዩ ያልተዘጋ በደል ነው።

የአርኖልፊኒ ሥዕል በስፔን ነገሥታት ስብስብ ውስጥ ሳለ ግን አንድ ታላቅ ዓይን አግኝቷል። ዲየጎ ቬላስኬዝ የንጉሥ ፊሊፔ አራተኛ ሠዓሊ ብቻ ሳይሆን የቤተ መንግሥቱን ሥዕሎች የሚያደራጅም ሹም ነበር፤ መስታወቱን በቅርብ አላየውም ማለት ይከብደኛል። በ1656 ላስ ሜኒናስ የተባለውን ሥዕሉን ሲሠራ በክፍሉ ጀርባ ግድግዳ ላይ መስታወት አኖረ። በቫን አይክ መስታወት ውስጥ ከባለጸጎቹ ጀርባ የሚታዩት የበሩ ሰዎች ነበሩ፤ አንዱም ሠዓሊው ራሱ ነው ተብሎ ይገመታል። በቬላስኬዝ መስታወት ውስጥ የገቡት ንጉሡና ንግሥቲቱ ናቸው፤ ያውም ደብዝዘው። ሠዓሊው ከመስታወቱ ወጥቶ፣ ከግዙፍ ሸራ ፊት፣ ሙሉ ቁመቱን ብሩሽ ይዞ ቆሟል።

ደረቱ ላይ ያለው ቀይ መስቀል የሳንቲያጎ ባላባቶች ምልክት ሲሆን የተጨመረው በኋላ ነው። ያንን ማዕረግ ለማግኘት ቬላስኬዝ የባላባት ዘር መሆኑን፣ በእጁ ሥራም ተቀጥሮ ወይም ሱቅ ከፍቶ እንዳልኖረ ማስመስከር ነበረበት፤ ከ100 በላይ ምስክሮች ተሰምተዋል፤ ባልንጀሮቹ የነበሩ ታላላቅ ሠዓልያንም ለገንዘብ ሥሎ አያውቅም ብለው መስክረዋል። የእጅ ባለሙያን መናቅ የት አገር እንደሌለ እንጃ፤ እኛም ቀጥቃጩንና ሸማኔውን ምን ስንል እንደኖርን እናውቃለን። በ1659 ማዕረጉ ጸደቀለት። መስቀሉም በሥዕሉ ላይ ሲታከል ብሩሹና የቀለም ገበታው ከእጁ አልወጡም።